የልብ መድኃኒትና የሌሊት ቅዠት



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎች በየቤታቸው ይዘውት የሚያድሩት፣ ለሐኪም ግን የማይናገሩት ነው። አንድ ሰው ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም መድኃኒት ይታዘዝለታል። መድኃኒቱን ከጀመረ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ሌሊቱ ይለወጥበታል። በተደጋጋሚ ይባንናል። ሕልሙ እንደ ቀድሞው ብዥ ያለ ሳይሆን ቁልጭ ያለ፣ ድምፅና ቀለም ያለው ይሆንበታል። ከሞቱ ዘመዶቹ ጋር ሲነጋገር፣ ሲባረር፣ ከገደል ሲወድቅ ያድራል። ለሱብሒ ሲነሣም ጎኑን ያላሳረፈ ያህል ደክሞት ነው።

ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ዐይን፣ ሲሕር ወይም ጂን ነው። "ዱካክ ነው" የሚሉም አሉ። በሽተኛው ራሱ ደግሞ ሞቱ የቀረበ ይመስለውና ለማንም ሳይናገር በጭንቀት ይከርማል። ከዚህ የባሰው ግን አንዱ "ይህ ክኒን ነው እንዲህ ያደረገኝ" ብሎ መድኃኒቱን በአንድ ሌሊት ሲጥለው ነው። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እርምጃው ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረገንም ይኸው ነው።

ክኒኑና ሕልሙ ምን አገናኛቸው?

ከልብና ከደም ግፊት መድኃኒቶች መካከል ከቅዠትና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ስማቸው በብዛት የሚነሣው "ቤታ ብሎከር" የሚባሉት ናቸው። እነዚህን ለማወቅ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። የክኒኑን ካርቶን ወይም ልባጥ ይመልከቱ፤ ስሙ "ሎል" ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ከዚሁ ወገን መሆኑ አይቀርም። ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎል ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ያገኘው እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጄምስ ብላክ ሲሆን ጊዜውም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነበር። በዚህና በሌላ ሥራው በ1988 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ እነዚህ መድኃኒቶች ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ሕይወት አትርፈዋል፤ ይህን ደጋግመን ብንናገረው አይበዛም።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ስንደነግጥ፣ ስንቆጣ ወይም ስንሮጥ ሰውነታችን አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል። አድሬናሊን ልብ ላይ ካሉት መቀበያዎች ጋር ሲገናኝ ልብ በኃይልና በፍጥነት ይመታል። ቤታ ብሎከር እነዚህን መቀበያዎች ቀድሞ ይይዛቸዋል። አድሬናሊን ቢመጣም በሩ የተያዘ ስለሚሆን ልብ ረጋ ብሎ ይሠራል፤ የተጎዳ ልብም እረፍት ያገኛል።

ነገር ግን እንዲህ ዓይነት መቀበያ ያለው ልብ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንጎልም ውስጥ አለ። አንጎላችን በደም ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝም ብሎ አያስገባም። ዙሪያውን የሚጠብቅ አጥር አለው፤ ይህንን አጥር በቀላሉ የሚያልፉት በስብ ውስጥ የሚሟሙ ነገሮች ናቸው። ፕሮፕራኖሎል ከሁሉም በላይ በስብ የሚሟማ በመሆኑ ወደ አንጎል እንደ ልቡ ይገባል። ሜቶፕሮሎልም በደንብ ያልፋል። አቴኖሎል በአንጻሩ በውኃ የሚሟማ ስለሆነ የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ቢሶፕሮሎል በመሃል ላይ ያለ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች "የልብ ክኒን" እየወሰዱ አንዱ ሲቃዥ ሌላው ደህና የሚያድርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ሲጨልም አንጎላችን ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች። ይህ ሆርሞን ለሰውነት "መሽቷል፣ ተኛ" የሚል መልእክት ያደርሳል። ዕጢዋን የሚያሠራት ትእዛዝ የሚደርሳት ግን በእነዚያው ቤታ በሚባሉት መቀበያዎች በኩል ነው። ክኒኑ እነሱን ሲይዝ የሜላቶኒኑ መጠን ይቀንሳል፤ እንቅልፉም ስስ ይሆናል። ይህ አቴኖሎልንም ይጨምራል።

ስስ እንቅልፍ ደግሞ ሕልምን ያበዛል፤ ይበልጥ ትክክል ለመናገር የምናስታውሰውን ሕልም ያበዛል። ማንኛውም ሰው በየሌሊቱ ብዙ ጊዜ ያልማል፤ ግን ሳይነቃ ስለሚያልፈው አያስታውሰውም። በሕልሙ መሃል የሚባንን ሰው ነው ቁልጭ አድርጎ ይዞት የሚነሣው። ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ተመልሰው የሚተኙ ሰዎች "ጠዋት ላይ ነው ሕልሙ የሚብስብኝ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ክኒኑን የሚወስድ ሁሉ ይቃዣል ማለታችን አይደለም። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ይወስደዋል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ53 ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 285 ሙከራዎች አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ቤታ ብሎከር የድብርት በሽታን ያመጣል የሚለው የቆየ እምነት ማስረጃ እንዳጣ፣ ያልተለመደ ሕልምና እንቅልፍ ማጣት ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሊያያዙ እንደሚችሉ ገልጿል። ስለዚህ ቅዠቱ የእርስዎ ፈጠራ አይደለም፤ የእብደት ምልክትም አይደለም።

በራስዎ ውሳኔ በፍጹም አያቋርጡ

ልብ መቀበያዎቹ ለወራት ሲያዙበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ተጨማሪ መቀበያዎችን ያዘጋጃል። ክኒኑ በድንገት ሲቆም እነዚህ የበዙ መቀበያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆኑና አድሬናሊን እንደ ጎርፍ ይገባባቸዋል። ልብ ይደልቃል፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። የልብ ደም ሥር ጥበት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የደረት ውጋት፣ ከዚያም አልፎ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊከተል ይችላል። ይህ አደጋ ከመታወቁ የተነሣ በመድኃኒቱ ማብራሪያ ወረቀት ላይ በማስጠንቀቂያነት ተጽፏል። ሐኪም እንኳ ማቆም ሲፈልግ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ወስዶ፣ በሽተኛውም ከከባድ ሥራ ታቅቦ እንዲቆይ እየመከረ ነው።

አንድ ሌሊት ክፉ ሕልም አስጨንቆዎት በማግሥቱ ክኒኑን ቢተዉት መጀመሪያ ላይ የተሻለዎት ሊመስልዎት ይችላል። አደጋው በሚቀጥሉት ቀናት ነው የሚመጣው።

"መጥፎ ሕልም አይነገርም" እና የሐኪሙ ክፍል

እዚህ ላይ አንድ ስስ ነጥብ አለ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያስደነግጥ ሕልም ያየ ሰው ከሸይጧን በአላህ እንዲጠበቅ፣ ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እፍ እንዲል፣ ጎኑን እንዲቀይር፣ ሕልሙንም ለሰው እንዳይናገር አስተምረዋል። ተነሥቶ መስገድም በዚሁ ምክር ውስጥ ይገኛል። በዚህ ትምህርት ምክንያት ብዙ እናቶችና አባቶች ሐኪሙ "ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?" ሲላቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ብለው ይወጣሉ። ሕልምን መናገር ኃጢአት መስሎ ስለሚሰማቸው ሐኪሙ የሚያስፈልገውን ሳያውቅ ይቀራል።

ሐኪሙ ግን የሕልሙን ይዘት አይፈልግም። ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ምን ታየ የሚለው ለእሱ ምንም አይጠቅመውም፤ ሕልም እንዲፈታም አይጠየቅም። የሚያስፈልገው "ይህን ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፌ ተረብሿል፤ በሳምንት ይህን ያህል ሌሊት እቃዣለሁ" የሚለው ብቻ ነው። ይህ ሕልምን ማውራት ሳይሆን ሕመምን መናገር ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው የሚያምነውን ዓሊም ጠይቆ ልቡን ያሳርፍ።

በሐዲስ ሕልም በሦስት ተከፍሎ ተነግሯል፤ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጧን የሆነ ማሳዘኛ፣ እና ሰው በራሱ ነፍስ ከሚያወራው የሚመጣ። እኛ የዑለሞችን ቦታ ይዘን ያንተኛው ሕልም ከዚህኛው ነው አንልም። ሆኖም ሰውነት ሲታመም፣ ሆድ ሲጠግብ፣ ሐሳብ ሲበዛ ሕልም እንደሚለወጥ ሁላችንም በራሳችን ያየነው ነው። መድኃኒትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከም ይቻል እንደሆነ ሲጠየቁ መታከምን አዝዘዋል። ሩቅያና ዚክርም ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ አንዱ ሌላውን እንዲተው አያደርግም። "ሩቅያ እስኪያልቅ ክኒኑን ተው" የሚል ሰው ከገጠመዎት ግን ምክሩን አይቀበሉ። እንዲህ የሚሉ መኖራቸው የሚያሳዝን ነው።

ሌሊት የሚያስነሣው ሁሉ ቅዠት አይደለም

አንዳንዱ በእንቅልፍ ላይ የሚመጣ ነገር ቅዠት እየተባለ ይታለፋል እንጂ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው። ከሁሉም አስቀድመን የምናነሣው ትንፋሽ ማጠርን ነው። ተኝተው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ታፍነው ብድግ የሚሉ፣ መስኮት ከፍተው አየር የሚፈልጉ፣ ተቀምጠው ሲቆዩ የሚቀልላቸው ከሆነ ይህ ዱካክ አይደለም። የልብ ድካም ያለበት ሰው ጋደም ሲል በእግሩ የነበረው ፈሳሽ ወደ ሳንባው ስለሚመለስ የሚከሰት ነው። በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሁለትና ሦስት ትራስ ከፈለገ፣ እግሩ ካበጠ፣ ክብደቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጨመረ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወደ ሕክምና ይሂድ። ትንፋሹ ተቀምጦም አልመለስ ካለ ወይም ደረቱን ከጨመደደው በዚያው ሌሊት መሄድ አለበት፤ እስኪነጋ አይባልም።

የስኳር በሽታ ያለባቸው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባቸው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ሌሊት ስኳሩ ከመጠን በላይ ሲወርድበት ይቃዣል፣ ልብሱ በላብ ይርሳል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል። በዚያ ላይ ቤታ ብሎከር የሚወስድ ከሆነ የስኳር መውረድ ማስጠንቀቂያ የሆኑት የልብ መደለቅና መንቀጥቀጥ ይደበቃሉ፤ ላቡ ግን ይቀራል። ስለዚህ ቅዠትና ላብ አብረው ከመጡ በዚያው ሰዓት ስኳርን መለካት፣ መለኪያ ከሌለም ጣፋጭ ነገር ቀምሶ በማግሥቱ ለሐኪም መንገር ይገባል።

የሚያሸናው ክኒን (ፉሮሰማይድ ወይም በተለምዶ ላዚክስ) ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ የለም። ሥራውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ያህል ይቀጥላል። አንድ ጊዜ የታዘዘለት ጠዋት፣ ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ደግሞ ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ቢወስደው ሌሊቱ ይቀልለታል። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ፤ ሳሉ ማታ የሚያስቸግር ከሆነ የሚተካ ሌላ መድኃኒት አለ። ለነፍሰ ጡሮች የደም ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓም ቅዠት ሊያመጣ ይችላል። ባል ወይም ሚስት "ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ጸጥ ብሎ እንደገና ይመጣል" ካሉም ለሐኪሙ ይነገር፤ እንዲህ ያለው ማንኮራፋት ራሱ የደም ግፊትን የሚያባብስ ሕመም ነው።

ሐኪሙ ጋ ምን ይዘው ይሂዱ?

ቀላሉ መንገድ ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደወሰዱ፣ መቼ እንደተኙ፣ ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ወይም ጫት እንደነበር በአንድ በአንድ መስመር ይጻፉ። ማንበብ የማይችሉ እናት ከሆኑ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ይጻፍላቸው። ቅዠቱ ክኒኑን ከመጀመርዎ በፊትም ከነበረ እሱንም በሐቀኝነት ይናገሩ። የክኒኖቹን ካርቶን ሁሉ፣ ከባህል መድኃኒት ቤት የተገዛውንም ጨምሮ፣ ይዘው ይሂዱ።

ከዚያ ሐኪሙን ሁለት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ይህን መድኃኒት የምወስደው ለምንድን ነው? የማታውን ወደ ጠዋት ወይም ቀደም ወዳለ ሰዓት ማዛወር ይቻላል? መጠኑስ? ወደ አንጎል እምብዛም በማይገባው መቀየር ለእኔ ይሆናል? ብዙ ጊዜ ፕሮፕራኖሎልን በአቴኖሎል ወይም በቢሶፕሮሎል መቀየር ችግሩን ያቃልላል። ነገር ግን ይህ ለሁሉም አይሆንም። የልብ ድካም ላለበት ሰው ዕድሜ እንደሚያራዝሙ በጥናት የተረጋገጠላቸው ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎልና ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሜቶፕሮሎል ናቸው፤ አቴኖሎል ከእነሱ አንዱ አይደለም። አቴኖሎል የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም መጠኑ መታየት አለበት። ጎረቤት የተቀየረለትን ክኒን ገዝቶ መውሰድ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ክኒንም አይፍጩት፤ የሙሉ ቀን መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ሜላቶኒን በብልቃጥ የሚልኩላቸው አሉ። እዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ በእንግሊዝ ግን በትእዛዝ ብቻ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ውስጥ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል በሚወስዱ 16 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለሦስት ሳምንት በየማታው 2.5 ሚሊ ግራም ሜላቶኒን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ 36 ደቂቃ ያህል አስረዝመው ተኝተዋል። ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። በተለይ የልብ በር (ቫልቭ) ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ወንድሞችና እህቶች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ሜላቶኒን አይንኩ፤ የደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። የሰው የእንቅልፍ ክኒን ለምኖ መዋጥ ደግሞ ከቅዠቱ የባሰ ነገር ነው። ትንፋሽን ያደክማል፤ አረጋውያንን ለሽንት ሲነሡ ይጥላል።

ቡናው፣ ጫቱና እራቱ

ቡና ከሰዓት በኋላ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ፣ ካፌኑ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት በኋላም ደም ውስጥ አለ። ከ10 ሰዓት በኋላ የተፈላ ቡና ስንተኛም ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። የጠዋቱን ቡና ማንም አይከለክልዎትም፤ የማታውን ግን ለእንግዳ ብቻ ያድርጉት፤ እርስዎ አንድ ሲኒ ይዘው ይጫወቱ። ቡናን በጨው መጠጣት በተለመደባቸው አካባቢዎች ጨዉን መተው ለግፊቱም ለእብጠቱም ይበጃል።

ጫትን በተመለከተ ሳንሸፋፍን እንናገር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋርም ተያይዞ ተጠንቷል። ቀን ቤታ ብሎከር ውጦ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው አንዱን እግሩን ፍሬን ላይ፣ ሌላውን ነዳጅ መስጫው ላይ አድርጎ እንደሚነዳ ሾፌር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቅዠቱን በክኒኑ ላይ ከማሳበቡ በፊት ጫቱን ይመልከት።

እራት ቀደም ብሎ፣ ቀለል ብሎ ቢበላ ይመረጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻእ በፊት መተኛትንና ከዒሻእ በኋላ ማውጋትን ይጠሉ እንደነበር ተዘግቧል። ይህን ልማድ የያዘ ሰው ለሱብሒ እስኪነሣ በቂ ሰዓት ያገኛል። ዛሬ ግን ከዒሻእ በኋላ ያለውን ሰዓት ቴሌቪዥንና ስልክ ወርሰውታል። የቀትር ቀይሉላም መልካም ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ አይሻማም።

ረመዷንና ጉዞ

በረመዷን እንቅልፍ ለሁለት ይከፈላል፣ የክኒኑም ሰዓት ይዛባል። በእኛ አገር ከኢፍጧር እስከ ሱሑር አሥር ሰዓት ያህል፣ ከሱሑር እስከ ኢፍጧር ደግሞ ዐሥራ አራት ሰዓት ያህል ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ክኒን እኩል አይከፋፈልም። የሚያሸናው ክኒን በኢፍጧር ከተወሰደ ተራዊሕንና እንቅልፍን ያውካል፤ በሱሑር ከተወሰደ ደግሞ ሰውነትን ውኃ አሳጥቶ ያውላል። ስለዚህ የልብ ሕመምተኛ በሻዕባን ሐኪሙን ማየት አለበት። ሐኪሙ ወደ ቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ሊቀይርለት ይችላል፤ ወይም እንዳይጾም ሊመክረው ይችላል። ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ በሱረቱል በቀራህ 184ኛውና 185ኛው አንቀጾች ላይ አለና በእሱ መጠቀም ድክመት አይደለም።

በመጨረሻም፣ መድኃኒቱ የሚቋረጠው በቅዠት ብቻ አይደለም፤ በማለቅም ነው። ፋርማሲው "የለም" ይላል፣ ዘመድ ቤት ለለቅሶ ተሄዶ ክኒኑ ቤት ይረሳል። አንድ ሳምንት ሲቀረው ይፈልጉት እንጂ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ለዑምራ ወይም ለሐጅ የሚጓዙ ደግሞ ከሚቆዩበት ቀን አስበልጠው ይያዙ፤ ክኒኑንም ከነካርቶኑና ከሐኪሙ ወረቀት ጋር በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ውስጥ ያድርጉት፤ ትልቁ ሻንጣ አውሮፕላን ማረፊያ ሊዘገይ ይችላል።